የአክስቴ ድንበርና ስሙ የሚለዋወጥ አገር

ምዕራብ ዓባያ ውስጥ የቆየ ወረቀት ፍለጋ የሚነሳ ሰው፣ ከሁሉ አስቀድሞ ወረቀቱ በተጻፈበት ዓመት አገሩ በማን ሥር እንደነበር ማወቅ ይኖርበታል። በጃንሆይ ዘመን የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ መጀመሪያ ደጋው ላይ ጨንቻ ነበረች፤ በ1950ዎቹ አጋማሽ አገረ ገዢው ደጃዝማች አዕምሮ ሥላሴ አበበ መቀመጫውን ወደ ቆላው አውርደው አርባ ምንጭን ቆረቆሩ። ደርግ ሲመጣ ጠቅላይ ግዛቱ ክፍለ ሀገር ተባለ። በ1980 የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ (ኢሕዲሪ) ሲመሠረት ክፍለ ሀገሩ ለሁለት ተከፈለ፤ የእኛው ወገን ከሲዳሞ ከመጣው ከወላይታ ጋር ተጣምሮ ሰሜን ኦሞ ሆነ። ከ1983 በኋላ ከክልል 7 እስከ ክልል 11 ያሉት ተጠቃልለው ደቡብ ክልል ሲሆኑ፣ ሰሜን ኦሞም ዞን ሆኖ ቀጠለ። በ1993 ዞኑ ፈርሶ ጋሞ ጎፋ ተመለሰ። በ2011 ጋሞና ጎፋ ተለያዩ። በ2015 ደግሞ ደቡብ ኢትዮጵያ የተባለው ክልል ተመሠረተ። ወረዳውም ባለበት አልቆየም፤ የዛሬዎቹ ምዕራብ ዓባያና ቦረዳ ቀድሞ ቦረዳ ዓባያ የሚባል አንድ ወረዳ ነበሩ። አሁን የአንዱ ዋና ከተማ ብርብር፣ የሌላው ዘፍኔ ነው።

በዚህ ሁሉ ጊዜ የአክስቴ ማሳ ከቦታው አልተነቃነቀም።

እኔን ወደዚህ ነገር ያስገባኝ ያ ማሳ ነው። አክስቴ ባላቸውን በሞት ካጡ ወዲህ ከአስፋልቱ በታች ያለችውን የሙዝ ማሳ ከልጆቻቸው ጋር እያለሙ ይኖራሉ። ከጎረቤታቸው ጋር በመስኖ ቦይ ዳር ባለች ቀጭን መሬት ተጋጩ። ሙዝ ዋጋ ካወጣና ጭነት መኪናዎች ከአዲስ አበባ ድረስ መምጣት ከጀመሩ ወዲህ፣ የአንድ ረድፍ ሙዝ ቦታ የልጅ ደብተርና ዩኒፎርም ይችላል። ስለዚህ ጠቡ የክፋት አልነበረም፤ ሁለት ድሃ ቤቶች በአንዲት ስንዝር መሬት ተያያዙ። አክስቴ አንድ መከራከሪያ ነበራቸው። በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበሩ ፍርድ ሸንጎ ያንኑ ድንበር አይቶ ለባላቸው ወስኗል፤ ውሳኔውም ማኅተም አርፎበታል። በእጃቸው የነበረው ቅጂ ግን በኋላ በመጣው የመንደር ምስረታ ግርግር ጠፋ።

«ልጄ፣ ዋናው የትም አይሄድም» አሉኝ። «አንተ ደግሞ ፊደል ቆጥረሃል። አብረን እንፈልገው።»

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ጀመርኩ። የገበሬ ማኅበራት የተቋቋሙት የካቲት 25 ቀን 1967 በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። አዋጁ አንድ ማኅበር የሚያቅፈው መሬት ቢያንስ 20 ጋሻ፣ ማለትም 800 ሄክታር እንዲሆን አዘዘ። በመላው አገር መንደሮች በዚህ ልክ ተሰፍረው ተገጣጠሙ። ጭሰኛውን ከባላባት ያላቀቀ አዋጅ ስለሆነ አያቶቻችን በእልልታ ተቀብለውታል፤ ደስታቸውም የእውነት ነበር። ነገር ግን የጋሻው ልክ ለማን ቀብር ማን እንደሚቆፍር፣ ከየትኛው ወንዝ ማን በስንተኛው ቀን ውሃ እንደሚጠልፍ አልጠየቀም። በኋላም በ1978 በብዙ ክፍላተ ሀገር የመንደር ምስረታው ዘመቻ ተጧጧፈ። ገበሬው ጎጆውን አፍርሶ፣ ምሰሶውን ተሸክሞ፣ በገመድ በተለካ ሰልፍ ቤት እንዲሠራ ተደረገ። ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና ንጹሕ ውሃ ለማቅረብ ይቀላል ተብሎ ነበር። አክስቴ የሚያስታውሱት ግን ጓሯቸው ርቆ ዶሮዎቻቸው ማደሪያ ማጣታቸውን ነው። በየካቲት 1982 መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚን ሲያውጅ በብዙ ቦታ ገበሬው ምሰሶውን ነቅሎ ወደ ቀድሞ ቀዬው ተመለሰ። እሳቸውም ተመለሱ። የእሳቸው ገበሬ ማኅበር ቆይቶ ከጎረቤቱ ጋር ተጠቃለለ፤ ሁለቱም በአንድ ቀበሌ ስም ተጠሩ፤ መዝገቡም ተዛወረ። ወዴት እንደተዛወረ የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ነበር የወጣነው።

ከአርባ ምንጭ ሲቀላ መናኸሪያ በሚኒባስ ተሳፍረን ጫኖን አልፈን ወደ ላንቴ ስንቃረብ፣ ከጋሞ ተራራ የወረደ ደራሽ ውሃ አስፋልቱን በድንጋይና በጭቃ ሸፍኖት ደረስን። መኪናው ሁሉ ቆመ። ረዳቱ ውሃው እስኪጎድል ታገሡ እያለ ሲዞር መሸ። ሙዝ የሚጭኑ ወጣቶች ከመንገዱ ዳር በዘረጉት የላስቲክ ዳስ ሥር አስጠለሉን፤ እሳት አንድደው በቆሎ ጠበሱልን። አክስቴ ነጠላቸውን ተከናንበው ከእሳቱ ዳር ተቀመጡ። ከጎናችን የነበሩ አንድ የኦቾሎ ሽማግሌ ወዴት እንደምንሄድ ጠየቁን። ነገርናቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ዱቡሻ አወጣችሁት?» አሉ። አላወጣነውም ነበር። አክስቴ ነገሩ የመንግሥት ስለሆነ መልሱም ከመንግሥት ወረቀት ይመጣል ብለው አምነው ነበር።

ኦቾሎ ከዓባያ ሐይቅ በላይ በዓለት ራስ ላይ የተቀመጠ መንደር ነው። ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ማርክ አቤሌስ የዚያን መንደር ጉባኤ አይቶ እ.ኤ.አ. በ1983 መጽሐፍ አሳትሞበታል። ሰፊው የጋሞ አገርም ጥንት እንዲሁ በጉባኤ ይተዳደር ነበር። ዶርዜ፣ ዶኮ፣ ቦንኬ፣ ቦረዳ፣ ጋንታ እየተባሉ የሚጠሩ ወደ 40 የሚጠጉ ደሬዎች፣ ማለትም ራሳቸውን የቻሉ ትንንሽ አገሮች፣ ነበሩት። እያንዳንዱ ደሬ ካዎ የሚባል መሪ አለው፤ ተመርጠው የሚሾሙ ሀላቃዎች አሉት፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በሜዳ ተቀምጦ የሚመክርበት ዱቡሻ አለው። ጦርነት ሲመጣ ወይም ገበያ ሲታወክ ደሬዎች ተገናኝተው በጋራ ይመክራሉ። ምክሩ ሲያበቃ ሁሉም ወደየዱቡሻው ይመለሳል። በመስከረም 2011 ጋሞዎች የተገደሉበት የቡራዩ ሐዘን አርባ ምንጭ በደረሰ ጊዜ፣ ወጣቶች ለበቀል ሲወጡ፣ ሽማግሌዎች ለምለም ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበርክከው የመለሷቸው በዚህ ሥርዓት ጉልበት ነው። በዚያ ቀን ማኅተም ያለው ሰው ያላቆመውን ሣር የያዘ ሰው አቆመው።

በማግስቱ መንገዱ ተከፈተና ፍለጋችን ቀጠለ። ብርብር ደረስን፤ ከዚያ ወደ ዘፍኔ የሚወጣውን ዳገት በዝናብ ወጣን፤ ተመልሰን አርባ ምንጭ ወረድን፤ በጉም ውስጥ ጨንቻ ድረስም ዘለቅን። በአንዱ ቤት «ይህ በቦረዳ ዓባያ ጊዜ የተሠራ ነው፤ ወደዚያ ሂዱ» አሉን። «ወደዚያ» የተባለው ደግሞ መልሶ ላከን። አንድ መዝገብ ቤት ውስጥ ዓመታት ያስቆጠሩ ፋይሎች በጆንያ ታስረው ጣሪያው ሥር ተደርድረው ነበር፤ ከፊሎቹን ዝናብ አጣብቋቸዋል። የትኛው ቤት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም፤ ጥፋቱ የአንድ ቤት አይደለምና። መዝገብ ቤቷ ውስጥ ያለችው ልጅ ከእኛ ጋር ጆንያ ስትፈታ፣ ስትቋጥር፣ አቧራ ስትውጥ ውላለች። አገር በተከፈለና በተጠቃለለ ቁጥር ሰዎች በአዲስ ወንበር ይመደባሉ፤ ወረቀቱ ግን ባለቤት አልባ ጭነት ሆኖ ይቀራል።

ቀደም ብዬ ስለ ጃፓን ያነበብኩት በዚያ ሰሞን ደጋግሞ ይመጣብኝ ነበር። ጃፓን በዘመናዊ ታሪኳ ገጠሮቿን ሦስት ጊዜ በሰፊው አዋህዳለች። በመጀመሪያው፣ በሜይጂ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1888 እና በ1889፣ 71,314 የነበሩት ከተሞችና መንደሮች 15,859 ሆኑ። ሁለተኛው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነበር። የመጨረሻው እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2010 ሲሆን፣ ከ3,200 በላይ የነበሩት ወደ 1,700 ገደማ ወረዱ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ወጣቱ ወደ ከተማ ይሄዳል፤ የሚቀሩት ሽማግሌዎች ናቸው፤ የመንግሥት ዕዳ ይከብዳል፤ የሚዋሃድ ደግሞ ከማዕከላዊው መንግሥት የብድር ማበረታቻ ያገኝ ነበር። የቀድሞው መንደር ጽሕፈት ቤት የሩቅ ከተማ ቅርንጫፍ ይሆናል፤ መንደሩ በምክር ቤት የነበረው ወንበር ይሳሳል። ፉኩሺማ ውስጥ ያለችው ትንሿ ያማትሱሪ ግን እ.ኤ.አ. በ2001 አልዋሃድም ብላ በምክር ቤቷ ወሰነች። የወሰነችው ነገር ትክክል ይሁን አይሁን ሕዝቧ ይመርምረው፤ እኔን የነካኝ ተጠይቃ መመለስ መቻሏ ነው።

በእኛ በኩል ነፋሱ በሁለቱም አቅጣጫ ይነፍሳል። ከላይ ሲያዋህዱን ከታች ይከፍሉናል። በጋሞ ዞን በቅርብ ዓመታት ጋጮ ባባ፣ ቆጎታ፣ ገረሴና ጋርዳ ማርታ የሚባሉ ወረዳዎች ተደራጅተዋል። ይህ ያለ ምክንያት አልመጣም። ነፍሰ ጡር ሴት በጀርባዋ እንጨት ተሸክማ የወረዳ ከተማ ፍለጋ ተራራ በምትወጣበት አገር፣ ቢሮ መቅረቡ ትልቅ ነገር ነው። ለአክስቴም ከዘፍኔ ይልቅ ብርብር ይቀርባል። መዋሃድም ቢሆን በራሱ ክፉ አይደለም። በርካታ መንደሮች የሚጋሩትን አንድ ወንዝ በአንድ ዕቅድ ማስተዳደር፣ ደኑን በጋራ መጠበቅ፣ የሙዝ ገበሬውን በአንድ ማኅበር አሰባስቦ ከነጋዴ ጋር ማከራከር የሚቻለው በኅብረት ነው።

ክፉው ያለ ምክር ሲሆን ነው። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በ1992 የሰሜን ኦሞ ልጆች በአንድ መጽሐፍ ይማሩ ተብሎ፣ ከወላይትኛ፣ ከጋሞኛ፣ ከጎፍኛና ከዳውሮኛ ተቀይጦ ወጋጎዳ የተባለ ቋንቋ ተዘጋጀ፤ መማሪያ መጽሐፉም ትምህርት ቤት ገባ። አራቱ ቋንቋዎች እርስ በርስ ይቀራረባሉ፤ አንድ የሚያደርጉን ነገሮች እንዳሉን ማንም አይክድም። ነገር ግን እናቶች የሚናገሩት ቋንቋ ሳይጠየቁ ተቀየጠባቸው። ወላይታ ሶዶ ላይ ተቃውሞ ተነሳ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ። መጽሐፉ ተሰበሰበ፤ ብዙም ሳይቆይ ዞኑ ራሱ ፈርሶ ወላይታ፣ ጋሞ ጎፋና ዳውሮ በየራሳቸው ዞን ሆኑ፤ ባስኬቶና ኮንታም ልዩ ወረዳ ተባሉ። ያ ሁሉ ገንዘብ፣ ከሁሉ በላይ ያ ሁሉ ደም፣ አስቀድሞ በየዱቡሻው ቢጠየቅ ኖሮ በዳነ ነበር።

ወረቀቱን አላገኘነውም። አክስቴ በመጨረሻው ቤት በር ላይ ቆመው ከአሁን በኋላ አልዞርም አሉ፤ እግራቸውም አብጦ ነበር። ያን ጊዜ የኦቾሎው ሽማግሌ ያሉን ነገር ትዝ አለኝና ወደ መንደራቸው ስንመለስ ሽማግሌዎችን ጠራን። ከሁለቱም የቀድሞ ገበሬ ማኅበራት መጡ። ከመካከላቸው አንዱ በፍርድ ሸንጎው ላይ ዳኛ የነበሩ ናቸው። ቆመው እየጠቆሙ፣ ቦዩ ከመቆፈሩ በፊት ውሃው በየት ይወርድ እንደነበር፣ በድንበሩ ላይ የቆመው ዋንዛ ጉቶው የት እንዳለ ተናገሩ። ጎረቤታችን ጉቶውን ራሱ ቆፍሮ አገኘው። ማኅተሙ የጠፋበት ውሳኔ በሰዎች ልብ ውስጥ ቃል በቃል ተቀምጦ ነበር። ሽማግሌዎቹ ድንበሩን ለአክስቴ አጸኑ፤ ጎረቤቱ ውሃ የሚያሳልፍበትን መንገድ እሳቸው እንዲሰጡ አደረጉ። ተመረቅን። ቀበሌው ስምምነቱን በመዝገብ አስፍሮ ለሁለቱም ቅጂ ሰጠ።

አንድ ነገር ግን ልሸሽግ አልችልም። ዱቡሻ ጥንት ሴቶችን፣ ሸክላ ሠሪዎችንና ቆዳ ፋቂዎችን አያናግርም ነበር። በዚያች ቀንም አክስቴ መጀመሪያ በእኔ በኩል እንዲናገሩ ተፈልጎ ነበር። እሳቸው ተነስተው «መሬቱን የማርሰው እኔ፣ የምናገረውም እኔ ነኝ» አሉ። ሽማግሌዎቹም አዳመጧቸው። ዱቡሻን እንደ ቅርስ አክብረን ልንይዘው የምንፈልግ ሰዎች ይህን በር አስፍተን መያዝ አለብን፤ ሁሉም የማይናገርበት ጉባኤ የሁሉንም ድንበር ሊያስታውስ አይችልም።

ስለዚህ ልመናዬ ለሚያዋህዱም ለሚከፍሉም አንድ ነው። ቀበሌ ከቀበሌ ሲጠቃለል፣ ወረዳ ለሁለት ሲከፈል፣ ከካርታው በፊት የመንደሩ ጉባኤ ይጠራ፤ ሴቱም፣ ሸክላ ሠሪውም፣ ወጣቱም ይናገርበት። ውሳኔው ሲጸድቅ መዝገቡ የት እንደሚሄድ በዚያው ደብዳቤ ይጻፍ፤ ከመጓጓዙ በፊትም ቅጂው ለሁለቱም ወገን ይድረስ። የተጠቃለለው መንደር በአዲሱ ቀበሌ ምክር ቤት የራሱ ድምፅ ይኑረው፤ የሚሰበሰብበት ሜዳም ለባለሀብት አይመራበት። ይህ ብዙ በጀት አይጠይቅም፤ ጥቂት ወረቀትና ብዙ ትዕግሥት ይበቃዋል። በጋሞ አገር የአስተዳደር ስም ገና ይለወጣል፤ ልጆቻችን ምናልባት ሌላ ወረዳ፣ ሌላ ክልል ይሉታል። ስሙን የሚያወጡት ሰዎች ግን መሬቱን የሚያርሱትን ሳይጠይቁ እንዳያወጡት ከአሁኑ በሕግ ይጻፍልን።