አያ አንበሳና ያልተዋወቁት ሸረሪቶች

ተረት ተረት።

የላም በረት።

በአያ አንበሳ አገር ሥራ ያጣ ሸረሪት እንደ አሸን ፈላ። በየጎጆው ጥግ፣ በየአጥሩ ሥር እያንዳንዷ ለብቻዋ ታደራለች፤ በሳምንት አንድ ዝንብ ከያዘች ተመስገን ነው። ባሕር ማዶ ተምራ የተመለሰችው እመት ጦጢት ይህን አይታ ችሎት ቀረበችና፣ «ንጉሥ ሆይ፣ አባቶች ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብለዋል» አለች።

አንበሳው ጎፈሩን ነፋ። «ማንን ነው የሚያስሩት?»

«ምሳሌ ነው ጌታዬ! ዝንቡን ለማለት ነው። የውጭ ምንዛሬውን።»

ምንዛሬ የሚለውን ሲሰማ ቁጣው በረደ።

በሐዋሳ ሐይቅ አቅራቢያ ለኢንዱስትሪ ፓርክ አጥር ታጠረ፣ ግንባታው በ9 ወር ደረሰ፣ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሪባን ተቆረጠ። ሁሉም ሲሟላ 52 ሼድ ሆነ። ከሲዳማና ከወላይታ ገጠር ወጣት ሸረሪቶች ጓዛቸውን አዝለው ጎረፉ። ለነገሩ የሚመሰገን ነገር ነበረው፤ ምቀኛ ካልሆኑ በቀር ይህን መካድ አይቻልም። አንድ ፋብሪካ ብቻውን የማይችለውን የፍሳሽ ማጣሪያ ለሁሉም በጋራ ሠሩላቸው፤ የተጠቀሙበት ውኃ ተጣርቶ ተመልሶ ሥራ ላይ ይውላል እንጂ ወደ ሐይቁ አይለቀቅም። በየጥጉ አንድ ዝንብ የሚጠብቁ ሸረሪቶች ይህን በሕልማቸውም አያዩትም። ደመወዝም ነበረ፤ መነሻው በወር 26 ዶላር ገደማ፣ ግን የማይቀር።

ክሩና ጨርቁ በአብዛኛው ከባሕር ማዶ በመርከብ ጅቡቲ ይደርሳል፣ በከባድ መኪና ይመጣል፣ ይሰፋል፣ በመጣበት መንገድ ይመለሳል። በአንደኛው ሼድ ያለችው ሸረሪት ኮሌታ ብቻ ትሰፋለች። በሚቀጥለው ያለችው ቁልፍ ብቻ ትተክላለች። ሁለቱም አንድ በር ገብተው አንድ በር ይወጣሉ፤ ስም ለስም ግን አይተዋወቁም። አንዱ ሼድ ክር ሲያልቅበት መርከብ ይጠብቃል፣ ጎረቤቱ መጋዘኑን ሞልቶ ተቀምጧል። ተበደር ቢሉት ደግሞ ከቀረጥ ነፃ የገባ ክር ከደጃፍ ደጃፍ ሲሻገር ጉምሩክ የሚሆነውን ማን ይችላል? ከአጥሩ ውጭ በፍጥነት ያደገች አንዲት ባለሀብት ነበረች፦ አከራይዋ አይጥ። አራት ሸረሪት፣ 32 እግር፣ አንድ ፍራሽ።

አንበሳው በሥራው ኮርቶ ጦጢትን ጠራ። «መርካቶ ሸራ ተራ ያለው አሮጌ ዋርካ ላይ የተንጠለጠሉትንም ሰብስበሽ ሼድ አስገቢልኝ፤ ገጽታ ያበላሻሉ።»

ጦጢት ሄደች። በዋርካው ላይ ሸረሪቶቹ ጫማ ይሠራሉ (ስምንት እግር ያለው ፍጥረት የጫማን ነገር ቢያውቅ ምን ይገርማል)። አንዷ ቆዳ ትቆርጣለች፣ አንዷ ገበር ትሰፋለች፣ አንዷ ሶል ትለጥፋለች፣ ከታች አንድ ሽማግሌ ማሽን ይጠግናል። ቦታው ይሸታል፣ ይጮሃል፣ ማስቲሹ ዓይን ያቃጥላል። ማስቲሽ ያለቀባት «አበባዬ፣ ግማሽ ጣሳ ስጪኝ፣ ቅዳሜ እመልሳለሁ» ትላለች፤ ቅዳሜ ትመልሳለች፣ ካልመለሰች እስከ ማክሰኞ ዋርካው በሙሉ ያውቃል። ተለማማጁ ሥራ የለመደ ዕለት ጌታውን ጥሎ ከጎኑ ቅርንጫፍ ላይ የራሱን ይከፍታል። ጌታው ይረግመዋል፣ ሳምንት ሳይሞላ ትእዛዝ ሲበዛበት ያንኑ ልጅ ጠርቶ ግማሹን ያካፍለዋል።

«እንዲህ ተጨናንቃችሁ እንዴት ኖራችሁ?» አለች ጦጢት።

«በ1990ዎቹ የቻይና ጫማ እንደ ጎርፍ ሲመጣ ልንጠፋ ነበር» አለ ጠጋኙ። «ብዙዎች ከዛፉ ወረዱ። የቀሩት ያንን ጫማ ገዝተው በወስፌ ፈታቱት፣ ሶሉን ገልብጠው አዩ። አንዷ ብልሃቱን አገኘች። ልትደብቀው ሞከረች፤ እዚህ ምን ይደበቃል? በበነጋው ሁላችንም ያዝነው። ከዚያ የእኛም ጫማ አማረ፣ ገበያው ተመለሰ።»

ጦጢት ማስታወሻ ያዘች። ሪፖርቷ ላይ ግን «የአደረጃጀት ጉድለት ይታያል» ብላ ጻፈች።

በዚህ መሃል በሰሜኑ ጫካ እሳት ተነሣ። ሸረሪቶቹ በእሳቱ እጃቸው የለበትም፤ ዕዳው ግን ከእነሱም ደጅ ደረሰ። በሼዶቹ ከገቡት ስመ ጥር የሆነው የአሜሪካ ልብስ ነጋዴ ኅዳር 2014 ዓ.ም. እሄዳለሁ አለ። ታኅሣሥ 23 ቀን ደግሞ ከቀረጥ ነፃ ወደ አሜሪካ የሚያስገባው በር፣ አጎዋ የሚሉት፣ ተዘጋ። ክሩም ገዢውም ባሕር ማዶ ስለነበሩ በሩ ሲዘጋ ሁለቱም አብረው ቀሩ። ሼድ በሼድ መብራት ጠፋ።

አንበሳው እየተንገዳገደ መጣ። «ድሩ አብሮ አልነበረም እንዴ?»

«ድሩማ አብሮ ነበር ጌታዬ» አለች ኮሌታ ሰፊዋ። «እኛ ነን ያልተገናኘነው። በሩ አጠገብ አንድ ሼድ ይስጡን። በወሬ የሰማነው የመርካቶ ማሽን ጠጋኝ ይግባበት፣ ክርና ካርቶን የሚያቀርብ የሐዋሳ ነጋዴ ይግባበት፣ ሥራ የለመደችም ወጥታ የራሷን ትክፈትበት።»

አንበሳው ሐሳቡን ወደደው። ጦጢት ግን እጇን አወጣች፦ «ይህ በየትኛው መሥሪያ ቤት ሥር ይሆናል?» ስብሰባ ተጠራ፣ ኮሚቴ ተዋቀረ፣ ለኮሚቴው አበል ተጠየቀ።

ኮሌታ ሰፊዋ ውሳኔውን አልጠበቀችም። ቁልፍ የምትተክለዋን አጠያይቃ አገኘቻት፤ ለካ ከአንድ ቀበሌ ነው የመጡት። አንድ አሮጌ ሲንጀር ተጋርተው ገዙ፣ ከአይጥ ደጃፍ ክፍል ተከራዩ፣ የተማሪ ዩኒፎርም መስፋት ጀመሩ። ሦስተኛዋ፣ ከቆረጣ ክፍል የተባረረችው፣ በሳምንቱ ተጨመረች። ማሽኑ ሲሰበር መርካቶ ስልክ ይደውላሉ፤ ሽማግሌው በስልክ ይቆጣቸዋል፣ እየነገረ ያሠራቸዋል። በሁለተኛው ወር አይጥ ኪራይ ጨመረች።