ጭነት ከኋላ፣ ጀግና ከፊት

ከሎስ አንጀለስ ላስ ቬጋስ በአይ-15 አውራ ጎዳና ተጎታች ቤታቸውን አስከትለው የሚከንፉትን ወገኖቻችንን ሳናመሰግን ብንቀር ውለታ ቢስ እንባላለን። ካሆን ፓስ በሚባለው የተራራ መተላለፊያ ላይ ነፋሱ ሲነሳ፣ ያን የሚያህል ቤት ወገቡን ይዞ ግራ ቀኝ እያለ በነፃ የሚያስጨፍርልን ሌላ ማን አለ? እስክስታ ከትከሻ ነው የምትሉ ታረሙ።

ምስጢሩ አጫጫኑ ላይ ነው። ባለፈው ሐምሌ ጋሼ የምላቸውን ጎረቤቴን ሳግዝ ተማርኩት። ትራስና ብርድ ልብስ ከፊት፤ ጄኔሬተሩ፣ ከሰሉ፣ ውሃ የሞሉት ጀሪካኖችና ሁለት ሳጥን ቢራ ከኋላ። ይህም አልበቃ ብሎ አራት ብስክሌት የኋላው ባምፐር ላይ ተንጠለጠለ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ወደ ፊት ብናስጠጋው?»

«በሩ ወደ ኋላ ነው ልጄ፤ ቢራው ቅርብ ይሁን።»

ከተጎታቹ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው መንጠቆው ላይ ይረፍ የሚል የፈሪ ሕግ አለ። 6,000 ፓውንድ የሚመዝን ቤት ከ600 እስከ 900 ፓውንዱን መኪናው ጫንቃ ላይ ይጣል ማለት ነው። ክብደቱ ወደ ኋላ ሲሸሽ መንጠቆው ይቀላል። ያኔ ነፋስ ወይም በጎን ያለፈ ከባድ መኪና ገፋ ያደረገው ቤት፣ ረግቶ በመመለስ ፈንታ በየምልልሱ እየባሰበት ይሄዳል፤ ፍጥነት ሲጨመርለት ደግሞ ጭፈራው ይደምቃል። አያቶቻችን ይህን ያለ ሚዛን ያውቁት ነበር፤ ጭነቷ ወደ ኋላ የሸሸባት አህያ ዳገት እንደማትወጣ ለማወቅ ኮሌጅ አልገቡም። እኛ ግን ሠልጥነናል።

ካሊፎርኒያ ተጎታች የሚጎትት መኪና በሰዓት ከ55 ማይል በላይ እንዳይሄድ በሕግ ከልክላለች። ሕጉ የወጣው ለሌላ ሰው መሆን አለበት፤ ጋሼ በ75 ነው የሚነዱት።

ቤቱ መወዛወዝ ሲጀምርስ? የጀግና መድኃኒት ሞልቷል። አንደኛው ፍሬኑን ደህና አድርጎ መርገጥ ነው፤ መኪናው ሲይዝ ቤቱ ከኋላ ገፍቶ እንደ ሰንጢ ያጥፈዋል። ሁለተኛው «ቀጥ እንዲል» ነዳጅ መጨመር። ሦስተኛው ከመሪው ጋር ግብግብ መግጠም። እግርን ከነዳጅ አንስቶ፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ የተጎታቹን ፍሬን ብቻ በእጅ መቆጣጠሪያው ቀስ እያሉ መያዝማ የሰነፍ ሥራ ነው፤ ቪዲዮም አይወጣውም።

ጋሼ በእግዜር ቸርነት ተመለሱ። ጥፋተኛውንም ለዩ፦ ነፋሱ! ቀጥለው ውዝዋዜ የሚገታ ዘንግ ገዙ። ዘንጉ መልካም ዕቃ ነው፤ በወጉ የተጫነን ቤት ያግዛል፣ የተዛባ ጭነትን ግን አያቀናም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉታል ይህን።

ሊገጥምላቸው የመጣው ልጅ ጎንበስ ብሎ አየና «አባባ፣ መጀመሪያ ብስክሌቶቹን ላውርዳቸው? ቢራውንም ወደ ፊት ልውሰደው?» አላቸው።

ጋሼ ተቆጡ። «ታዲያ ዘንጉን ለምን ገዛሁት?»