የሚካኤል ፎቶኮፒ

መስከረም 1 ጠዋት፣ ከጉርድ ሾላ ባቡር ጣቢያ ገባ ብሎ ባለ ኮንዶሚኒየም በር ከተንኳኳ የመጣው ሠዓሊ ነው። ሴቶቹ «አበባየሆሽ» እያሉ በጭብጨባ ይመጣሉ፤ ወንዶቹ የሚደራደሩት በወረቀት ነው። ሌላው ዓለም በእጅ ለሚሠራ ካርድ በየጊዜው አዲስ ርዕስ እያወጣ ይወዳደራል አሉ። የእኛዎቹ ርዕስ ግን ከአያት እስከ ልጅ ልጅ ያው ነው፦ አደይ አበባ፣ ፀሐይ፣ ክንፉን የዘረጋ መልአክ። ዳኛው አባወራው ነው፤ ነጥብ የሚሰጠውም በብር።

ፎቶኮፒ ቤት ውድድሩን አበላሸው፤ ይቅርታ፣ አዘመነው። አንዱ ይሥላል፣ ሰፈሩ ያባዛል፣ ታናናሾች ከለር ይቀባሉ። ስለዚህ አንድ ፎቅ ላይ ያሉ ጎረቤታሞች በአንድ ጠዋት አንድ ዓይነት ቅዱስ ሚካኤል ይደርሳቸዋል፤ የአንዱ ሰይፍ አረንጓዴ፣ የሌላው ሮዝ ይሆናል እንጂ። የእጅ ሥራ አይደለም የሚል ካለ፣ የማሽኑን ቁልፍ የተጫነው እጅ አይደለም እንዴ?

አባወራውም ቢሆን ጉደኛ ነው። በቴሌግራም የመጣለትን «እንኳን አደረሳችሁ» ሳያነብ ለ100 ሰው አስተላልፎ ሲያበቃ፣ በር ላይ የቆመውን ልጅ «ራስህ ነህ የሣልከው?» ብሎ ያፋጥጠዋል።

«አዎ፣ ጋሼ።»

ጋሼ ኪሳቸውን ይዳብሳሉ። ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ ዝርዝር ብር ከኪስ ጠፍቷል፤ ቢያንስ ለእንቁጣጣሽ ጠዋት ጥሩ ሰበብ ነው። ልጁ ግን ወረቀቱን ገልብጦ ያሳያቸዋል። የእናቱ ስልክ ቁጥር ሰፍሮበታል፤ እሱም ፎቶኮፒ።