ባንዳው በረንዳ ላይ

ዘጌ ለባሕር ዳር ሰው ሁለት ነገር ሰጥቷል፤ ቡናና የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ። ቡናውን ሹም አቦ ሰፈር ሁሉም ሰው ሦስቴ ይጠጣዋል፤ ማን ተከለው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ልብ ወለዱ ላይ ግን ጥያቄ አለ። ጸሐፊው ባንዳ ነው።

ልከራከርለት አልችልም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1860 ዓ.ም ዘጌ ተወለደ፤ ምኒልክ ጣሊያን ልከው አስተማሩት፤ በ1900 ዓ.ም ዛሬ «ጦቢያ» የምንለውን መጽሐፍ ሮም ላይ አሳተመ። በኋላም ነጋድራስ ሆነ፣ አገሩን ወክሎ ሮም ተቀመጠ። በ1928 ጣሊያን ሲገባ ግን ለጣሊያን አደረ፤ ሹመቱም «አፈ ቄሳር» ተባለ። ከነጻነት በኋላ ጅማ ተግዞ እዚያው ሞተ።

እንግዲህ ይህን ሰው የማነበው አውሮፕላን ማረፊያው በአርበኛው በላይ ዘለቀ ስም በሚጠራ ከተማ ነው። (በላይን በ1937 አዲስ አበባ ላይ የሰቀለው ጣሊያን እንዳልነበረ አከራዬ ፊት አላነሣም፤ ቡናው ይቀርብኛል።) ሽፋኑን በጋዜጣ ጠቀለልኩት። ጋዜጣ የለበሰ መጽሐፍ ግን የባሰ ዓይን ይስባል።

«ምንድን ነው የምትደብቀው?» አሉ አከራዬ። አባታቸው አርበኛ ነበሩ።

«ጦቢያ ነው፣ ጋሼ።»

«የአፈ ቄሳሩ?» ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ይህን ባንዳ እኔ ደጅ?»

«መጽሐፉን ሲጽፍ እኮ ጣሊያን ሊመጣ ገና 28 ዓመት ይቀረው ነበር!»

«ያድዋ ጊዜስ? ከስዊዘርላንድ ተነሥቶ ወደ ጣሊያን የኮበለለው ማነው?»

ዝም አልኩ። መጽሐፉን ሳይነኩ የጸሐፊውን ታሪክ ከእኔ አብልጠው ያውቃሉ። ወደ ኖርዌይ ሸሸሁ፤ ደራሲው ክኑት ሃምሱን የኖቤል ሜዳሊያውን ለናዚው ጎብልስ እንደሰጠ፣ ዛሬም ግን እንደሚነበብ ነገርኳቸው።

«እነሱ ባንዳቸውን ያንብቡ፤ እኛ ምን አገባን?»

እኔን የያዘኝ ግን ታሪኩ ራሱ ነው። የተማረከ አባት አለ፤ አንድ ነጋዴ መዋጃውን ይሰጠውና ስሙን እንኳ ሳይናገር መንገዱን ይቀጥላል። ልጁ ዋሕድ ያን ውለታ ሊመልስ ነጋዴውን ፍለጋ ይወጣል፤ ተይዞም ባሪያ ሆኖ ይሸጣል። እህቱ ጦቢያ በወንድ ልብስ ከአባቷ ጋር ትከተላለች፤ ወንድ መስላት የንጉሡ ዘመድ ትወዳታለች። መዓቱ ሁሉ የሚመጣው አንድ ልጅ የሰው ውለታ አልበላም በማለቱ ነው። ይህን የጻፈው ደግሞ ያስተማረችውን አገር ውለታ የበላ ሰው! ጻድቅ ቢጽፈው ኖሮ ምናልባት ሁለተኛ ገጽ ላይ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

ይህን ሁሉ ለጋሼ አወራሁ። ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ባጃጅ የሚቆጥሩ መስለው ሰሙኝ። ሦስተኛው ስኒ ሲቀዳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እና ያ ነጋዴ ተገኘ?»

«መጽሐፉን ላውስዎት ጋሼ?»

«ባንዳ ቤቴ አይገባም!» አሉ ቆጣ ብለው። ከዚያ ወንበራቸውን ወደ እኔ ሳብ አደረጉ። «በረንዳው ላይ ግን ምን ይደረግ... አንብበው እስቲ። ድምፅህን ቀነስ አርገህ፤ መንገደኛ ይሰማል።»