37ኛዋ ብይ

ሞተሬ አንድ አመል ነበራት፤ እኔ ግን አመል ሳይሆን ምግባር ነው እል ነበር። ቀጥ ያለ መንገድ ላይ መሪዋን ብለቀው እንኳ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አትልም። ሐዲድ ላይ እንዳለች ሁሉ ሽው ትላለች። «የዛሬ ሞተር እጅህን ከለቀቅህበት ገደል ነው፤ የድሮ ዕቃ ግን መስመሩን ያውቃል» እያልኩ ጓደኞቼን በቡና ሰዓት አሰለቻቸው ነበር። ሆንዳ ሲቢ 350 ናት። ፋብሪካው ይህን ዓይነት ከ1968 እስከ 1973 እ.ኤ.አ. ሠርቶ አቁሟል፤ የእኔዋ የ1970 ምርት ስለሆነች በዕድሜ ትበልጠኛለች። አንቱ የማልላት ቤንዚኗን የምገዛው እኔ ስለሆንኩ ብቻ ነው።

ደብረ ብርሃን የአጎቴ ልጅ ቅዳሜ ሊያገባ ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐሙስ ጠዋት ሞተሬን ሳስነሣ ባለቤቴ፣ «በአውቶቡስ አትሄድም?» አለችኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቃ ዝም አለች። ሚስት አንድ ጊዜ ጠይቃ ዝም ካለች፣ የሚሆነውን አስቀድማ አይታዋለች ማለት ነው።

እስከ ሰንዳፋ ሰላም ነበርን። ከዚያ ወዲያ በጎቹ መጡ። በግ ለማሳለፍ ዝግ ስል ሞተሯ ጠጅ ቤት ውላ እንደመጣች ታወላግደኛለች። ዙሪ ስላት አልዞርም ትላለች፤ ገፋ ሳደርጋት ደግሞ ካሰብኩት በላይ ትዞራለች፤ ልመልሳት ስል መሀል ላይ ጠቅ ብላ ትቀመጣለች። እኔም መንገዱን ሰደብኩ። ነፋሱን ሰደብኩ። በጎቹን ሰደብኩ። የበጎቹን ባለቤት የሰደብኩት ግን በልቤ ነው፤ ዱላ ይዞ ነበር።

ሸኖ መግቢያ ላይ ጭድ የተጫነች አህያ መንገድ አቋረጠች። መሪውን ወደ ቀኝ ገፋሁ፤ እምቢ አለች። ጠንከር አድርጌ ስገፋ እልኋ መጣና ባንዴ ዞረች። አህያዋን ሳትኩ፤ አስፋልቱንም ሳትኩ፤ ሰው ለክረምት የከመረው ኩበት ውስጥ ገባሁ። ኩበት እንደ ፍራሽ ነው ባልልም፣ ከድንጋይ ግን ይሻላል።

ወዲያው ሃያ ሰው ተሰበሰበ፤ ዐሥራ ዘጠኙ መካኒክ ነበር። አንዱ ካንዴላ ነው አለ፣ ሌላው ቤንዚኑ ውሃ ገብቶበታል አለ፣ ሦስተኛው የሰው ዓይን ነው አለ። ሃያኛው፣ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ፣ ዝም ብለው የፊት ጎማዋን ያያሉ። እውነተኛው መካኒክ እሳቸው ነበሩ።

«ልጄ፣ ይቺ ሞተር ቀጥ ብላ መሄድ ትወዳለች?»

«አዎ ጋሼ! እጄን ብለቅ እንኳ…» ኩራቴ ከነኩበቱ ተነሥቶ ቆመ።

«እሱ ነው በሽታዋ» አሉኝ።

ብስክሌትና ጎማ ወደሚጠግኑበት ቤታቸው ገፍተን ወሰድናት። በመሀል መቆሚያዋ አቁመው፣ ከሥሯ እንጨት ደግፈው የፊት ጎማዋን ከመሬት አነሡ። ከዚያ መሪውን በአንድ ጣት ገፉት። እየተንሸራተተ መጣና መሀል ሲደርስ፣ ጠቅ! ቆመ። ከዚያኛውም ወገን ገፉት። ጠቅ!

«አንገተ ደንዳና!» አሉ። በመጽሐፍ ለሕዝብ የተባለው ለሞተርም እንደሚሆን ያን ዕለት አወቅሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሞተር መሪና የፊት ሹካዎቹ የሚዞሩት በአንገቷ ውስጥ በሚያልፍ አንድ ዘንግ ላይ ነው፤ ዘንጉን ከላይና ከታች ሁለት ኩሽኔታዎች ይይዙታል። በእኔዋና በዘመን ጓደኞቿ እነዚህ ኩሽኔታዎች ማቀፊያ የላቸውም፤ በሁለት ቀለበት መካከል በግራሶ ተለውሰው የተደረደሩ ልቅ ብዮች ናቸው። «ከላይ 18፣ ከታች 19» አሉ ጋሼ፣ የልጆቻቸውን ቁጥር እንደሚናገር ሰው። «37 ናቸው። ዘንጉ ሲወርድ ይፈስሳሉ። ጃኬትህን ከሥር አንጥፍና ሹካውን ያዝ፤ እኔ እስክልህ እንዳትለቅ።»

ጃኬቴን አነጠፍኩ። ሹካውንም ያዝኩ። ዳዶው ሲፈታ ግን ብዮቹን ለማየት ጎንበስ አልኩ፤ ሹካውም አብሮኝ ጎንበስ አለ። ከፊሎቹ ጃኬቱ ላይ ወደቁ፣ ከፊሎቹ ሱሪዬ ላይ፣ የቀሩት ወደ ሸኖ ከተማ ተበተኑ።

ጋሼ አልተቆጡም። ከተሰበረ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት አምጥተው አቧራውን ይጠርጉበት ጀመር። ተቆጠረ፤ 36። እንደገና ተቆጠረ፤ 36። በረንዳው ሥር ብይ የሚጫወቱ ልጆች ተጠረጠሩ፤ የብረት ብይ በልጅ ገበያ ምን ያህል እንደሚያወጣ የማያውቅ የለምና። ኪሳቸውን ገለበጡ፤ ሦስት የጠርሙስ ብይ፣ አንድ ቆርኪ፣ ግማሽ ማስቲካ። ይሄኔ አንደኛው ልጅ፣ ስሙን ለማንጻት ይመስለኛል፣ ወደ አንዲት ቀይ ዶሮ ጠቆመ። «እሷ ስትለቅም አይቻታለሁ!»

«ይቅር ጋሼ፣ አንድ ብይ ናት» አልኩ።

«ዶሮዋ ሆድ ውስጥ ካለችስ ይቅር። ግን አንገቱ ውስጥ በግራሶ ተጣብቃ ቀርታ፣ አዲሱን ከገጠምን በኋላ ወርዳ ብትገባበት መሪህ ይታሰራል። ያኔ የምትገባው ኩበት ውስጥ አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው።» በባትሪ አዩ፣ በሽቦ ኮረኮሩ፣ ጣታቸውን ሰደው ዳሰሱ። የለችም። ስለዚህ ምርመራው ወደ ዶሮዋ ዞረ።

ባለቤቷ፣ «ዶሮዬ እህል እንጂ ብረት አትበላም!» አሉ። ልገዛት እንደሆነ ሲያውቁ ግን ክሱን ትተው ወደ ዋጋው ገቡ፤ በየቀኑ የምትጥል ናት፣ የእናቷም ዘር እንዲሁ ነው። የጠሩትን ዋጋ ስሰማ፣ ብረት መብላቷን ብቻ ሳይሆን ወርቅ መጣሏንም ጠረጠርኩ። ከፈልኩ።

ጋሼ ቀለበቶቹን በናፍጣ አጥበው ሰጡኝ። «ጣትህን አዙርበት።» አዞርኩ፤ እኩል እየተራራቁ የተሰለፉ ትናንሽ ጎድጓዳዎች ጥፍሬን ያዙት። ገበጣ! እያንዳንዷ ብይ የራሷን ጉድጓድ ቆፍራ ተቀምጣለች። ስዊድናዊው መሐንዲስ ዮሃን አውጉስት ብሪኔል በ1900 እ.ኤ.አ. የብረትን ጥንካሬ መለኪያ ሲያስተዋውቅ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ጠንካራ ብይ ብረት ላይ ተጭኖ የተወውን ጉድጓድ መለካት። ዛሬም መካኒኮች እንዲህ ያለውን ጉዳት በስሙ ብሪኔሊንግ ይሉታል። እኔ ጥፋቱን በመንገዱ ጉድጓድ ላይ ላላክክ ስል ጋሼ አቋረጡኝ። መንገዱም የራሱ ድርሻ አለው፤ ዋናው ግን ሞተር ዕድሜዋን ሙሉ ቀጥ ብላ ስትሄድ ብዮቹ እዚያው ቦታ እየተንቀጠቀጡ ግራሶውን ገፍተው ማውጣታቸውና ብረቱን መፈግፈጋቸው ነው። ቀጥ ብላ ስለሄደች ጉድጓድ ቆፈረች፤ ጉድጓድ ስለቆፈረች ቀጥ ብላ ሄደች። እኔ ደግሞ በዚህ ስኮራ ኖርኩ።

«አዲስ ብይ ብናስገባስ?»

«ብዩ ሩብ ኢንች ነው፤ ከብስክሌት የኋላ ጎማ ብይ ጋር አንድ ነው፤ ሱቄ ሙሉ አለልህ። ግን ገበጣው እያለ ጠጠሩ ቢቀየር ምን ይጠቅማል?» አሉና በደጅ የምታልፈውን ጋሪ አሳዩኝ። «የዚያች እግር ውስጥ ያለውን ዓይነት አምጣ። ሾጣጣውን። ብይ በነጥብ ነው የሚነካው፤ ሾጣጣው በመስመር ነው፤ ሸክሙ ይበተናል።» የጋሪያችን እግር ከመኪና የመጣ ነውና ኩሽኔታውም የመኪና ነው። ነገሩ ግን ከጋሪ ብዙም አይርቅም፤ ባለሾጣጣውን ኩሽኔታ በ1898 እ.ኤ.አ. በስሙ ያስመዘገበው አሜሪካዊው ሄንሪ ቲምከን ራሱ ሠረገላ ሠሪ ነበር።

በማግስቱ ዓርብ ጾም ስለሆነ ተጠርጣሪዋ ያንኑ ማታ ጋሼ ቤት ተሠራች። የሆድ ዕቃዋ በሦስት ሰው ፊት ተከፈተ፤ ገብስ፣ አሸዋ፣ አንድ የሸሚዝ ቁልፍ። የጋሼ ባለቤት ቁልፉን አነሡና፣ «ይኸው! ልጁ አላጠፋም ስልህ!» አሉ፤ ለዓመት በዓሉ ሸሚዝ ቁልፍ አንድ ንጹሕ ሰው ተወቅሶ ኖሯል። ብይ ግን የለም። ንጽሕት ዶሮ በላን። ጣፋጭ ነበረች፤ ጸጸትም አዋዜ አለው።

ሌሊት ወደ አልጋ ቤቴ ስሄድ ሲሚንቶው ላይ ቀኝ ጫማዬ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። የተረከዝ ሚስማር ነው ብዬ ተኛሁ።

ዓርብ በሚኒባስ ወደኋላ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል ተመልሼ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ገባሁ። ኪሴ ውስጥ ጋሼ በካርቶን ቁራጭ የጻፉልኝ ስድስት ቁጥር አለ፤ የዘንጉ ውፍረት፣ የአንገቱ ውስጠኛ ስፋትና የኩሽኔታው ቁመት፣ ለላዩም ለታቹም ለየብቻ። የመጀመሪያው ነጋዴ ካርቶኔን ሳያይ አንድ ሳጥን ወረወረልኝ። «የባጃጅ ነው፤ ይሆናል።» አማርኛችን በዚህች ቃል የስንቱን ገንዘብ በልቷል! ለሻጭ «ይሆናል» ማለት «ልክ ይገባል» ነው፤ ለገዢ ግን ቤቱ ሲደርስ «ምናልባት» ይሆንበታል።

የጋሼ ሁለተኛ ምክር፣ ሳጥኑን ትተህ ብረቱን አንብብ የሚል ነበር። ብረቱ ላይ 32005 ተብሎ ከተቀረጸ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ቁጥሮች በ5 ስታባዛ 25 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ የዘንጉ ማስገቢያ እሱ ነው፤ የውጭ ስፋቱ 47፣ ቁመቱ 15 ነው። በሦስት ሱቅ ሳጥኑና ብረቱ ተጣሉብኝ። በአራተኛው ተስማሙ፤ ከካርቶኔም ጋር ተስማሙ። ከሱቅ ሱቅ ስዞር ጫማዬ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። አንድ ሊስትሮ ጫማዬን አይቶ፣ «ጋሼ፣ ላየው?» አለኝ። ቸኩያለሁ ብዬ አለፍኩት።

ሸኖ ስደርስ መሽቷል። አዳዲሶቹን የውጭ ቀለበቶች በቀዝቃዛ ማስገባት ጥሩ ነው፤ ብረት ሲበርደው ይኮማተራል። አጠገባችን ያለው ግሮሰሪ ማቀዝቀዣ ውስጥ እናሳድራቸው ብል ጋሼ ሳቁ። «ሸኖ ላይ ማቀዝቀዣ ምን ያደርግልሃል? ደጅ አሳድራቸው።» ጠዋት ስነካቸው ጣቴን አቃጠሉኝ። አሮጌዎቹ በረጅም ብረት ከውስጥ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እየተመቱ ወጡ። አንገቷ በፈላ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ተጠመጠመባት፤ የበረደው ቀለበት ተቀመጠ፤ አሮጌው ቀለበት ከላይ ተደርቦ ለመዶሻው ትከሻውን ሰጠ። ዶቅ፣ ዶቅ፣ ዶቅ… ከዚያ ድምፁ ተቀየረ፤ ጭን! «ወለሉን ነካ» አሉ ጋሼ። በዓይን አላዩም፤ በጆሮ ነው ያወቁት።

ቀጥሎ ግራሶ። ቆርቆሮው ተጠርጎ ሊያልቅ ስለደረሰ መንገድ ዳር ቅቤ የሚሸጡ ሴት፣ «የሸኖ ለጋ ቅቤ ለራስ ሆኖ ለብረት ያንሳል?» ብለው አቀረቡ። ጋሼ በአክብሮት መለሷቸው። «ሲሞቅ ይፈስሳል፣ ሲቆይ ይሸታል፤ ልጁን እስከ ደብረ ብርሃን ውሻ ይከተለዋል።» ባለጋሪው ግማሽ ጣሳ ግራሶ አዋሰን። ጋሼ መዳፋቸው ላይ ቆንጥረው ኩሽኔታውን እየጫኑ፣ በሾጣጣዎቹ መካከል በወዲያ በኩል እስኪወጣ ድረስ አጎረሱት። ጉርሻ እንዲህ ነው፤ እንቢ ቢልም ይጨመርለታል።

ማጥበቁ የመጨረሻው ነው፤ ብዙ ሰው የሚበላሽበትም እዚህ ነው። መጀመሪያ ጠበቅ አድርገው፣ መሪውን ከዳር እስከ ዳር ደጋግመው አዞሩት፤ ሾጣጣዎቹ ቦታቸውን ያዙ። ከዚያ ላላ አደረጉት፤ እንደገና በቀስታ ጠበቅ። ሹካዎቹን ይዘው ወደፊት ወደኋላ ነቀነቋቸው፤ አይንኳኳም። መሪውን መሀል ላይ አቁመው በጣታቸው ጫፍ ነካ አደረጉት፤ እንቅልፍ እንደወሰደው ሕፃን ራስ ቀስ ብሎ ወደ ጎን ወደቀ። መሀል ላይ ምንም የለም።

ከሥር ለማየት ተንበረከክሁ። የጋሼ ረዳት ልጅ ከኋላዬ ሳቀ። «ጫማዎ ሥር ምን አለ?» ጋሼ በካቻቢቴ ከሶሉ ሽንትር ውስጥ አንዲት ጥቁር ነገር ፈልፍለው አወጡ፣ በናፍጣ አጠቧት፤ አብረቀረቀች። 37ኛዋ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ጠቅ ጠቅ የሚልህ?»

«ከሐሙስ።»

«ምን መሰለህ?»

«ለመድኩት ጋሼ።»

ጋሼ አንዴ እኔን፣ አንዴ ሞተሯን አዩ። ሊናገሩ ሲሉ የዶሮዋ ባለቤት ብቅ አሉ፤ ጋሼ ብዩን በመዳፋቸው ጨብጠው በጆሮዬ፣ «ዝም በል» አሉኝ። «ገንዘቤን መልሱ ብትል፣ ዶሮዬን መልስ ነው የሚሉህ።»

ወደ ሠርጉ ስነሣ የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ በለመደው ጉልበቴ መሪውን ገፋሁ። ሞተሯ ገና በሐሳብ ሳዝዛት ዞራ ነበር፤ ሁለተኛ ኩበት ክምር ውስጥ ልገባ ለጥቂት ቀረሁ። እሷ ሸኖ ላይ ድናለች፤ እኔ ግን ደብረ ብርሃን እስክደርስ አላገገምኩም።