ፌስታል የለበሰው ካሜራ

“ኅብረተሰቡ ዓይናችንና ጆሯችን ነው” ይላሉ የፖሊስ አዛዦች፣ አገር ሳይመርጡ። ደግ! ዓይን ካላችሁ ታዲያ በሰው ደጃፍ ሌላ ዓይን መትከል ምን አመጣው?

እንግሊዝ አገር፣ በርሚንግሃም እንሂድ። ስፓርክብሩክና ዋሽዉድ ሂዝ ሙስሊሞች የሚበዙባቸው ሰፈሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 እዚያ 218 ካሜራ ለመትከል ታሰበ፤ ተከላውም ተጀመረ። ብዙዎቹ የሚያልፈውን መኪና ታርጋ የሚለቅሙ ናቸው። 72ቱ ደግሞ ስውር። ነዋሪው “ይሄ ሁሉ ለምንድን ነው?” ሲል “ለመኪና ሌባ፣ ለዕፅ ሻጭና ለሰፈር ረባሽ” ተባለ። አቤት ክብር! 72 ስውር ዓይን የተመደበለት የመኪና ሌባ ሚኒስትር የሆነ ቢመስለው አይፈረድበትም።

ወጪው 3 ሚሊዮን ፓውንድ ነው። ከየት መጣ? ለጸረ ሽብር ሥራ ከተያዘ ገንዘብ። ገንዘቡስ አልዋሸም፤ የዋሸው አፍ ነው።

ጉዱ ሲወጣ ሰፈሩ ተነሣ። ፖሊስ “ገና አልበሩም፣ ማንንም አልቀረጹም” አለ። ማን ይመን? እንዲታመን ብሎ ካሜራዎቹን ፌስታል አለበሳቸው። የምሬን ነው፣ ፌስታል! በ3 ሚሊዮን ፓውንድ የጠፋ አመኔታ በፌስታል ተጠቅልሎ ሊመለስ። ስውሮቹስ? እነሱማ ቀድሞውንም ተሸፍነው የለ!

የቴምዝ ቫሊ ፖሊስ አዛዥ ሳራ ቶርንተን ጉዳዩን መርምረው በዚያው ዓመት ሪፖርት አወጡ፤ ከሕዝቡ ጋር የተደረገው ምክክር ያነሰም የዘገየም ነበር አሉ። ምሰሶው ከቆመ በኋላ የሚመጣ ምክክር ድግሱ ካለቀ የሚደርስ የሠርግ ጥሪ ነው፤ ሳህኑን እጠቡ እንዳይሉን እንጂ! የዌስት ሚድላንድስ ፖሊስ አዛዥ ክሪስ ሲምስ ይቅርታ ጠየቁ። ይመስገን፣ ይቅርታው እንኳ ከ72ቱ ጋር አልተደበቀም። እ.ኤ.አ. በ2011 ካሜራዎቹ ተነቀሉ።

“ሽብር ቀልድ አይደለም” የሚል አንባቢ አይጠፋም። አይደለም ወንድሜ፤ ፌስታሉን ያመጣሁት እኔ ነኝ እንዴ?

ቁም ነገር ከፈለጉ እዚያው እንግሊዝ አገር ብሪስቶል አለልዎት። እ.ኤ.አ. በ2008 እጁ ተቃጥሎ ያዩትን አንድ ወጣት ለፖሊስ የጠቆሙት የመስጊድ ሰዎች ራሳቸው ናቸው። ቤቱ ሲፈተሽ በእጅ የተሠራ ፈንጂና የአጥፍቶ ጠፊ ሰደርያ ተገኘ፤ በዓመቱም ተፈረደበት። ታርጋ የሚያነብ ካሜራ የተቃጠለ እጅ አያነብም። ያነበበው ሰው ነው። ሰውም ስልክ የሚያነሣው ከወዲያ ጫፍ የሚሰማውን ካመነ ነው። “ልጁ እኮ የእኛው ልጅ ነው” ብሎ ማመንታት አለ፣ “ነገ በእኛም ይዞሩብናል” የሚል ፍርሃት አለ። ይሄን ሁሉ ተሻግሮ የደወለ ሰው በስውር ዓይን ሲጠበቅ እንደነበር ቢሰማ፣ ሁለተኛ የፖሊስን ቁጥር በስልኩ ያስቀምጠው ይሆን?

አሁንም “አጠራጣሪ ነገር ካያችሁ ጠቁሙን” ይሏችኋል። የስፓርክብሩክ ሰው ብሆን እንዲህ ብዬ እመልስላቸው ነበር፦ “ጌቶቼ፣ አይተን ነበር፤ ምሰሶ ላይ ወጥቶ በየቤታችን ያያል። ስንጠቁማችሁ ‘የእኛ ነው’ አላችሁን።”