የጭራቅ አዳኙ ኅሊና እና የላም ቆዳ

«ዘ ዊቸር 3»ን የጨረሰ ሰው ስለ ጨዋታው ጥልቀት ማውራት ከጀመረ ቡናችሁን ቶሎ ፉት በሉ፤ ሊቀዘቅዝ ነው። «ጌም» ብላችሁ እንዳታቃልሉበት፤ ይቀየማል። የአባትነት ነገር ነው፣ የጦርነት ነገር ነው፣ ከሁለት ክፉ የቱ ይሻላል የሚል ፍልስፍና ነው ይላችኋል። እውነቱን ነው። የፖላንዱ ሲዲ ፕሮጀክት ሬድ ከአንድሬይ ሳፕኮቭስኪ መጻሕፍት ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ይህ ጨዋታ ብዙ የሚያስብል ነገር አለው። የሚያስቀኝ ተጫዋቹ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በክፍያ ጭራቅ የሚገድለው ገራልት እንደ ልጁ ያሳደጋት ሲሪ ጠፍታበታለች፤ ከሌላ ዓለም የመጡ ፈረሰኞች እያሳደዷት ነው። አባት ምን ያደርጋል? ካርታ ይጫወታል! ግዌንት የተባለችውን ካርታ ለማሟላት ከመጠጥ ቤት መጠጥ ቤት ይዞራል። (ካርታዋ እ.ኤ.አ. በ2018 ራሷን ችላ ለብቻዋ ጌም ሆና ወጥታለች፤ ልጅቷን ማን ያስታውሳል?) በመንገዱም የድሃ ገበሬ ጎጆ ገብቶ፣ ባለቤቱ ቆሞ እያየው፣ ሣጥን ይበረብራል።

«ደም አፋሳሹ ባሮን» ጋ ሲደርስ ግን ዳኛ ይሆናል። ባሮኑ ሰካራም ነው፤ ይደበድባት የነበረችው ሚስቱ ከልጃቸው ጋር ጥላው ጠፍታለች። የጨነገፈባት ፅንስ ያለ ወግ ስለተቀበረ ጭራቅ ሆኖ ተነሥቷል። በሰይፍ መጨረስ ይቻላል። ወይም ባሮኑ ያንን ፍጡር አቅፎ ወስዶ፣ ስም አውጥቶለት፣ ከደጃፉ ሥር ይቀብረዋል። እዚህ ላይ እኔም አልቀልድም፤ ጥፋተኛን ሳያጥብ ሰው አድርጎ ማሳየት ቀላል ሙያ አይደለም።

ባሮኑን «ምን ዓይነት አባት ነው!» ብሎ የረገመው ተጫዋች ቆይቶ የራሱ ተራ ይደርሰዋል። ሲሪ ተገኝታለች፤ ግን እንደ አያት የምታየው ቬሰሚር ሞቶባት አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። አብረው ይጠጡ ወይስ በረዶ እየተወራወሩ ይሳቁ? ጀግናችን ይቀዳላታል። ጨዋታው አይቆጣም፣ አይመክርም፤ ይመዘግባል። በመጨረሻ ሲሪ በሕይወት መመለስ አለመመለሷን የሚወስነው እንዲህ ያሉ ጥቂት ምርጫዎች ድምር ነው እንጂ የሰይፍ ጉብዝና አይደለም።

ይህን የሰማ ብልጥ ታዲያ ኢንተርኔት ገብቶ «ትክክለኛውን ምርጫ» ይፈልጋል። የሒሳብ ፈተና ሲኮረጅ እናውቃለን፤ የኅሊና ፈተና ሲኮረጅ ግን አዲስ ነው። አንዳንዱ ምርጫ መዘዙ ከብዙ ሰዓት ጨዋታ በኋላ የሚመጣው፣ ተጸጽቶ ወደ ኋላ መመለስ ለሚወድ ሰው እንዳይመች ተብሎ ይመስለኛል።

ከሁሉ የሚብሰው የላሞቹ ጉዳይ ነው። በጀማሪዎቹ መንደር በዋይት ኦርቻርድ ተጫዋቾች ላም እያረዱ፣ ሌላ ላም እስኪተካ እየጠበቁ፣ ደግመው እያረዱ ቆዳ በመሸጥ ከበሩ። ሠሪዎቹ ይህን አይተው ላም ፈጂውን የሚበቀል ኃይለኛ ጭራቅ ላኩ። አልበቃቸውም። ጨዋታው በወጣበት በዚያው ዓመት በተለቀቀው ተጨማሪ ክፍል ላይ አንድ ግብር ሰብሳቢ ጀግናውን አስቁሞ በላም ቆዳ ንግድ ብዙ ገንዘብ አግኝተህ እንደሆነ ንገረኝ ይለዋል። መዋሸት ይቻላል። እናንተ ስለ ክፉና ደግ ቡናችንን ያቀዘቀዛችሁብን፣ ለሰውዬው ምን ብላችሁ መለሳችሁ?